የከበደ ቤት

ራይን ወንዝ ጀርመንን ከፈረንሳይ በሚለይበት አንድ ቦታ ላይ ሁለት ከተሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በወዲህ ማዶ ትንሿ የጀርመን ከተማ ኬል፣ በወዲያ ማዶ ትልቋ የፈረንሳይ ከተማ ስትራስቡርግ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የከተማ ባቡር ወንዙን እየተሻገረ ይመላለሳል፤ ሰው ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ለገበያ ብቻ አገር ይሻገራል። እኔና ባለቤቴም ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በዚሁ ባቡር ተሳፍረን ተሻገርን። የምንኖረው ሽቱትጋርት አካባቢ ነው። ማረፊያ በኬል ስለሚረክስ አዳራችንን እዚያ አድርገን፣ ለሦስት ቀን ወደ ስትራስቡርግ እየሄድን ማታ ማታ እንመለስ ነበር።

ለሰው የነገርነው የጋብቻችንን ስድስተኛ ዓመት ልናከብር መሆኑን ነው። ይህም ውሸት አልነበረም፤ ሙሉው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሐኪም የምርመራ ውጤታችንን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ልጅ የመውለድ ዕድላችን በጣም ጠባብ መሆኑን በዝግታ አስረድቶን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ጠፋ። አልተጣላንም። እሱ ከፋብሪካ ፈረቃው ይመለሳል፣ እኔ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እመለሳለሁ፤ እራት እንበላለን፣ እንጸልያለን፣ እንተኛለን። ስንጸልይ ግን ለአገራችን፣ ለቤተ ክርስቲያናችን፣ ለታመሙ ሁሉ እየጸለይን ያን አንድ ነገር ሁለታችንም አናነሣውም ነበር። አንድ ማታ «ለሦስት ቀን ከዚህ ቤት እንውጣ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

ገና ያላገባችሁ ወጣቶች የዚህን ነገር ክብደት እንድትረዱት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በሠርጋችን ቀን ሽማግሌዎች ቆመው «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቁን፤ እኛም «አሜን» ብለን ተቀበልን። መልካም ምርቃት ነው። ምርቃቱ ሁለት ቃል ቢሆንም በሰው ልብ ግን አንድ ሆኗል፦ የወለደ ይከብዳል፣ ያልወለደ ይቀላል። በመጀመሪያው ዓመት «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይባላል። በሁለተኛው ዓመት ሰላም የሚላችሁ ሰው ዓይን ከፊታችሁ ወደ ሆዳችሁ ይወርዳል። በሦስተኛው ዓመት ጸሎቱ ይበዛል። አንድ አገልጋይ እጁን ጭኖብን በሚመጣው ዓመት ይህን ጊዜ ልጅ እንደምንታቀፍ ነገረን፤ ጉባኤውም እልል አለ። ዓመቱ መጣ፤ ዓመቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ከእኛ ጋር ሲነጋገሩ ዓይናቸውን ሰበር ማድረግ ጀመሩ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የጸለዩልን ስለሚወዱን ነው። ወደዚያች ከተማ ስንገባ ልባችን ምን ተሸክሞ እንደነበር እንድታውቁት ብዬ ነው።

የስትራስቡርግ አሮጌው ከተማ፣ ኢል የተባለው ወንዝ በሁለት ክንዱ ያቀፈው ደሴት ነው። በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በውኃው ዳር ያሉት ቤቶች ግድግዳቸው ነጭና ቢጫ ሆኖ ጥቁር ምሰሶና አግዳሚ እንጨት እንደ ጥልፍ ተጋድሞበታል። ድሮ ቆዳ ፋቂዎች ይኖሩበት የነበረው ሰፈር «ትንሿ ፈረንሳይ» ይባላል። ስሙ የቁልምጫ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን እዚያ የቂጥኝ ሕሙማን ማቆያ ነበረ፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ደግሞ ቂጥኝን «የፈረንሳይ በሽታ» ይለው ነበርና ስሙ በሰፈሩ ላይ ቀረ። ትንሽ አለፍ ብሎ «የተሸፈኑት ድልድዮች» የሚባሉት አሉ፤ ነገር ግን ሽፋን የላቸውም። ጣሪያቸው ከተነሣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለቤቴ ይህን ከሰሌዳው ላይ አንብቦ «ምን ይደንቃል? ዶሮ ማነቂያስ ማን ዶሮ ያንቃል?» አለ። ሳቅሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያን ቀን ገና ሳቅን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አልሳስ የሚባለው ያ አውራጃ የሽመላ አገር ነው። በ1970ዎቹ ወፏ ከአካባቢው ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ሰዎች ተረባርበው መለሷት፤ አሁን በከተማዋ መናፈሻ ሳይቀር ጎጆ ትሠራለች። ሕፃናትን ለእናቶቻቸው የምታመጣ ሽመላ ናት የሚል የቆየ ተረት ስላላቸው ደግሞ፣ የማስታወሻ ዕቃ የሚሸጡት ሱቆች ሁሉ በአሻንጉሊት ሽመላ ተሞልተዋል። አንዳንዷ በመንቁሯ ጨርቅ አንጠልጥላለች፤ በጨርቁ ውስጥ ሕፃን አለ። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ከአምስት ሱቅ በላይ ተደርድሯል። ባለቤቴ ምንም ሳይናገር በግራዬ የነበረው ወደ ቀኜ ዞረና በእኔና በመስታወቱ መካከል ሆኖ መሄድ ጀመረ። እሱ ረጅም ሰው ነው፤ ብዙ ይጋርዳል። ለምን እንደዞረ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ካቴድራሉ ሄድን። በቮዥ ተራሮች ሮዝ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣበትና ስትጠልቅበት መልኩ ይለዋወጣል። ከፍታው 142 ሜትር ሲሆን ማማው ያለቀው በ1439 ነው። ከ1647 እስከ 1874 ድረስ በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ረጅም ሕንፃ አልነበረም። ማማው ግን አንድ ብቻ ነው። በደቡብ በኩል ሁለተኛው የሚቆምበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ሰው ሁሉ ያለውን ማማ ፎቶ ሲያነሣ እኔ ዓይኔ የሌለው ላይ ቆየ።

በውስጡ ታላቁ የሥነ ፈለክ ሰዓት አለ። አሁን የሚታየው መሣሪያ ዣን ባፕቲስት ሽቪልጌ የተባለ የዚያው አካባቢ ባለሙያ ከ1838 ጀምሮ ለዓመታት የሠራው ነው። የቀኑን፣ የወሩንና የፋሲካን ቀን ያሰላል፤ የከዋክብትን አካሄድ ያሳያል። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሚሆነውን ለማየት ነው። ሐዋርያት በተራ እየወጡ በክርስቶስ ፊት ያልፋሉ፤ በላይ ያለው አውራ ዶሮም ሦስት ጊዜ ክንፉን እያራገበ ይጮኻል። ከሐዋርያቱ ዝቅ ብሎ ግን ሌላ ሰልፍ አለ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ አንድ ሰው በሞት ፊት ያልፋል፤ መጀመሪያ ሕፃን፣ ቀጥሎ ወጣት፣ ቀጥሎ ጎልማሳ፣ በመጨረሻም ሽማግሌ። ሞት ሰዓቱ ሲሞላ ይደውላል። ሕዝቡ ወደ ዶሮው አንጋጦ ሲስቅ እኔ የሕፃኑን ቦታ እያየሁ ቆምኩ። በእኛ ቤት ሰዓት ሰልፉ ከወጣቱ የጀመረ መሰለኝ።

ከዚያ ከመውጣታችን በፊት ባለቤቴ አንድ የድንጋይ ምስባክ አሳየኝ። በ1480ዎቹ የተቀረጸ ነው። ከላይ እስከ ታች በቅዱሳን ምስል ተሞልቷል፤ በደረጃው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ውሻ ተኝታለች። «ማቴዎስ ዜል እዚህ ላይ እንዳይቆም ተከልክሎ ነበር» አለኝ። ባለቤቴ ለጉዞው ሲዘጋጅ ስለ ከተማዋ አንብቧል። ማቴዎስ ዜል በዚያ ካቴድራል ካህን ነበር፤ ከ1521 ጀምሮ ወንጌልን በግልጽ ይሰብክ ስለነበር ሕዝቡ ይጎርፍ ጀመር። የድንጋዩን ምስባክ ሲከለክሉት የከተማዋ አናጢዎች ከእንጨት ሌላ ሠሩለት። እየተሸከሙ አምጥተው ያቆሙለታል፤ ሲጨርስ ይዘው ይሄዳሉ። ባለቤቴ ብረት የሚያቀልጥ ሠራተኛ ስለሆነ የአናጢዎቹን ነገር ወደደው።

ምሳ ፍላምኩኽ የሚሉትን በላን፤ እንደ ቂጣ የሳሳ ሊጥ ላይ ክሬምና ሽንኩርት ቀብተው በእሳት የሚጋገር ነው። የአሳማ ሥጋ ይጨመርበታልና «ያለ ሥጋ» ስንል አስተናጋጁ በእንጉዳይ አደረገልን። ከዚያ በእግር ወደ ቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከተሐድሶው ዘመን ጀምሮ የፕሮቴስታንቶች የሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ማርቲን ቡትሰር እዚያ አገልግሏል። በሩ አጠገብ ጎብኚዎችን የሚቀበሉ አንዲት አሮጊት እናት ተቀምጠው ነበር። ፈረንሳይኛ አለመቻላችንን ሲያዩ ወደ ጀርመንኛ ቀየሩ። ባለቤቴ ስለ ማቴዎስ ዜል ጠየቃቸው።

«ስለ ማቴዎስ ሁሉም ይጠይቃል» አሉ። «ስለ ሚስቱ ስለ ካታሪና ግን ልንገራችሁ።»

ቀጥሎ የምጽፈው እሳቸው የነገሩንንና እኛም ቤት ከተመለስን በኋላ አንብበን ያረጋገጥነውን ነው።

ካታሪና ሹትስ የስትራስቡርግ ልጅ ናት። በታኅሣሥ 1523 ከማቴዎስ ዜል ጋር ተጋባች፤ ጋብቻቸውን የፈጸመው ቡትሰር ነው። ካህን ማግባቱ ያን ጊዜ ነውር ነበርና ብዙ ተባለባቸው፤ ኤጲስ ቆጶሱም ማቴዎስን አወገዘው። ካታሪና ዝም አላለችም፤ በ1524 ጋብቻቸውን ከቅዱሳት መጻሕፍት እየጠቀሰች የምትከላከልበትን ጽሑፍ አሳተመች። በዚያው ዓመት በጋ፣ ከራይን ማዶ ኬንትሲንገን ከምትባል ከተማ ወደ 150 የሚሆኑ ወንዶች ስለ እምነታቸው ተሰደው መጡ። የሚወዱትን ሰባኪያቸውን ሊሸኙ ወጥተው ነው በር የተዘጋባቸው፤ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በከተማዋ ውስጥ ቀርተዋል። ካታሪና በመጀመሪያዋ ሌሊት ከእነዚያ 80ውን በቤቷ አሳደረች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከ50 እስከ 60 ሰው በማዕዷ ይመገብ ነበር። ስደተኞቹን ማብላት ብቻ አልበቃትም፤ በኬንትሲንገን ለቀሩት ሚስቶች የሚያጽናና ደብዳቤ ጻፈችና አሳተመችላቸው።

በሚቀጥለው ዓመት የገበሬዎች ጦርነት በተነሣ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ከተማዋ ፈሰሱ፤ እነሱን በመርዳት ከፊት ከነበሩት አንዷ እሷ ናት። በ1529 ዝዊንግሊና ኤኮላምፓዲየስ ወደ ማርቡርግ ጉባኤ ሲያልፉ በቤቷ አረፉ፤ ለ14 ቀን ምግብ አብሳያቸውና አገልጋያቸው እሷ ነበረች። ከ1534 ጀምሮ ደግሞ መዝሙራት ሰብስባ በአነስተኛ ዋጋ በሚገዙ ትንንሽ ጥራዞች አሳተመች። እናቶችና የቤት ሠራተኞች በሥራቸው ላይ ሆነው እንዲዘምሩት ነው። ኳየር ውስጥ ያላችሁ ልብ በሉ።

አሮጊቷ እናት ይህን ሁሉ ሲነግሩን እኔ በልቤ የካታሪናን ልጆች እቆጥር ነበር። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ስንት ልጅ ይሮጥ ነበር? ብዬ። ጠየቅኋቸው።

«ሁለት ወለደች» አሉ። «ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልጨመሩም። «እናንተስ?» ብለው አልጠየቁንም። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ልጅ ተነሥቶ ወደ እኔ ሳይዞር የቀረ ንግግር ያን ቀን ገጠመኝ። ሲሸኙን ብቻ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ማታ ኬል በማረፊያችን ተኝተን ስለዚያች ሴት አሰብኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ብዙ ሰው የሚመጣለት ነው፦ ልጅ ስለሞተባት ቤቷን ለእንግዳ ከፈተች፤ ያጣችውን በሌላ ተካች። ስንፅናና የምንሰማው እንዲህ ነው አይደል? «ጌታ ይህን የነሣሽ ያን ሊሰጥሽ ነው» ይሉናል። ነገር ግን ዘመኑን ስቆጥር አልገጠመልኝም። የኬንትሲንገን ሰዎች የመጡት እሷና ማቴዎስ ከተጋቡ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ያን ጊዜ የምታለቅስለት ልጅ አልነበራትም። ቤቱ የተከፈተው ከሐዘኑ በፊት ነው። ከሐዘኑም በኋላ እንደተከፈተ ቆየ። ሰማንያዎቹ እንግዶች የልጅ ምትክ አልነበሩም፤ ልጆቹም ሲሞቱ በእንግዳ አልተተኩም። ካታሪና የሞቱባት ሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ደግሞም ቤቷ የከበደ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም።

እሑድ ጠዋት በቅዱስ ቶማስ አምልኮ ላይ ተገኘን። ስብከቱ በፈረንሳይኛ ስለነበር ባለቤቴ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ምንባቡን በቁጥር እየፈለገ ያሳየኝ ነበር። ኦርጋኑ የዮሐንስ አንድሬያስ ዚልበርማን ሥራ ነው፤ በ1741 የተሠራ ሲሆን ሞዛርት በ1778 ተጫውቶበታል። ሲነፋ ወንበሩ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል። መዝሙሩን በዜማው አወቅነውና በአማርኛ ዘመርን። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዘወር ብለው ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወደ ሪፐብሊክ አደባባይ ሄድን። በአደባባዩ መካከል በ1936 የቆመ የጦርነት መታሰቢያ አለ። ስለ ጦርነት የቆመ ሐውልት ብዙ አይቻለሁ፤ ጀግና አለ፣ ፈረስ አለ፣ ጠመንጃ አለ። ይህ ግን አንዲት እናት ናት። ሁለት በሞት ላይ ያሉ ልጆቿን በጭኗ ይዛለች። ልጆቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ የደንብ ልብስ የላቸውም። ምክንያቱም ስትራስቡርግ በ1871 ወደ ጀርመን ሄደች፣ በ1918 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች፣ በ1940 ጀርመኖች ያዟት፣ በኅዳር 1944 ነጻ ወጣች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብዛኞቹ የአውራጃው ወጣቶች በጀርመን ሠራዊት፣ ሌሎች በፈረንሳይ ሠራዊት ተዋግተው ሞተዋል። የቱን የደንብ ልብስ ታልብሳቸው? በሐውልቱ ላይ የተጻፈውም ለሞቱብን የሚል ብቻ ነው፤ ለየትኛው አገር እንደሞቱ አይናገርም።

በዚያች እናት ፊት ሳላስበው አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለራሴ ብቻ አይደለም። ለእሷም ነው፤ ደግሞም ወንድማማቾች በሁለት ጎራ ተሰልፈው ለሚያልቁበት ለራሳችን አገር እናቶች ነው። ልጅ ማጣት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ምን ያህል ባዶ እቅፍ እንዳለ፣ ከእነዚያ መካከል አንዱ የእኔ እንደሆነ፣ እኔም ብቻዬን እንዳልሆንኩ ታየኝ። ባለቤቴ ትከሻዬን ይዞ ቆመ። «እኔም እኮ ፈልጌው ነበር» አለኝ፤ «በጣም ፈልጌው ነበር።» እሱ ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። ወንዶች ልጅ ሲያጡ ማንም «እንዴት ነህ?» አይላቸውም፤ ሁሉም የሚያጽናናው ሚስትን ነው። እሱም በእኔ ሐዘን ጥላ ሥር የራሱን ደብቆ ነበር።

ማታ ወደ ኬል ስንመለስ ባቡሩን ተውነው። ራይንን በእግር የሚያሻግር፣ በ2004 የተሠራ የእግረኞች ድልድይ አለ፤ በእሱ ላይ ሄድን። መካከሉ ላይ ስንደርስ ቆምን። በስተኋላችን ፈረንሳይ፣ ከፊታችን ጀርመን፤ ወንዙ ግን ከሥራችን ዝም ብሎ ይሄዳል። ድንገት ባለቤቴ እንዲህ አለኝ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ዛሬ ማታ ሰማንያ ሰው በራችንን ቢያንኳኳ የት እናስተኛቸዋለን?»

«ሳሎን ስድስት» አልኩት።

«ኮሪደሩ ላይ አራት። ወጥ ቤት ሁለት፤ ምድጃውን ካወጣን ሦስት።»

«ምድጃው ከወጣ ምን ልታበላቸው ነው?»

እየሳቅን ቆጠርን፤ አሥራ አምስት ላይ ደረስን። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን፤ የቀረች አንድ ክፍል ነበረችና። ትንሿ ክፍል። ስንገባ ቀለል ያለ ቢጫ የቀባናት፣ «ለልጅ» ብለን ለሦስት ዓመት ያልተኛንባት፣ አሁን የልብስ ማስጫና ሻንጣ የተቀመጠባት ክፍል ናት።

«እዚያ አንድ ሰው በደንብ ይተኛል» አለ ቀስ ብሎ።

መልስ አልሰጠሁትም። ግን እዚያው ድልድዩ ላይ ቆመን ጸለይን፤ ያን አንድ ነገር በስሙ ጠርተን። ልጅ እንደምንፈልግ ለእግዚአብሔር ነገርነው፤ እንዳዘንን ነገርነው። ተስፋ ቆርጠናል አላልነውም፤ ይሆናል ብለንም አላወጅንም። ያለውን እንዳለ ነገርነው። ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ ያ ጸሎት እንደ ውኃ ነበር።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ተአምር ሆነ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆነም። ሐኪሙ ያለው እንዳለ ነው። የሆነው ይህ ነው፦ በኅዳር ወር አንዲት ልጅ ነርስነት ልትማር ከአዲስ አበባ መጣች። ሽቱትጋርት ውስጥ ክፍል ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከአንዱ ቤት ሶፋ ወደ ሌላው ቤት ሶፋ ስትዘዋወር ሰማን። ባለቤቴ አየኝ፤ አየሁት። በዚያው ሳምንት የልብስ ማስጫውን አወጣን፣ አልጋ አስገባን። ቢጫውን ቀለም አልቀየርነውም። እሷ ሻንጣዋን ይዛ ደፍ ላይ ስትቆም፣ ማን እንዳስተማራት አላውቅም፣ እንደ ድሮ ሰው «ቤት ለእንቦሳ» አለች። ባለቤቴም ከውስጥ ሆኖ «እንቦሳ እሰሪ!» ብሎ ጮኸ።

እሷ ልጃችን አይደለችም፤ እናት አላት፣ በየእሑዱ በስልክ ታወራታለች። እኔም እሷን የልጅ ምትክ አላደርጋትም፤ ለእሷ ሸክም ይሆናል፤ ለእኔም ውሸት ይሆናል። አንዳንድ ቀን አሁንም አለቅሳለሁ፤ በተለይ የሕፃን ምርቃት በሚሆንበት እሑድ። የተለወጠው ሐዘኔን በዝምታ መሸከሜ ነው፤ አሁን እናወራዋለን። ቤታችንም ልጅ እስኪመጣ የሚጠብቅ መጠበቂያ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ቤት ሆኗል።

ስለዚህ ለእናንተ ለወጣቶች ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ አዲስ ተጋቢዎችን ስታገኙ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ከማለታችሁ በፊት አስቡ። ስለ ልጅ ካልጠየቃችሁ የሚጎድልባቸው ነገር የለም፤ እንደዚያች አሮጊት እናት እጃቸውን ብትይዙ ግን ለዓመታት ያስታውሱታል። ስትጸልዩላቸውም አብራችሁ ጸልዩ እንጂ ያልተሰጣችሁን ቀን አትቁረጡላቸው። ሁለተኛ፣ ስታገቡ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ሲመርቋችሁ «አሜን» በሉ፤ ነገር ግን በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችውን ነጠላ ሰረዝ አትርሷት። ክብደት ከልጅ ጋር ብቻ የሚመጣ አይደለም። ለመክፈት ልጅ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ልጅ ቢመጣም አትዝጉ።

በእኛ ቤት አሁን ሽሮው ቶሎ ያልቃል፣ የመብራቱ ሒሳብ ጨምሯል፣ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ ተራ ይያዝበታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጅቱ ከኮርሷ ሁለት ጓደኞቿን እራት ይዛ መጣች፤ ወንበር ስላነሰን ባለቤቴ ከጎረቤት ሊበደር ወረደ።